የሀብትንና የገንዘብን ነገር በራዲዮ ለሕዝብ ስለ ማስረዳት

ስለ ገንዘብ፥ ስለ ንግድና ስለ ገበያ ዋጋ በራዲዮ የሚነገረው ቃል ብዙ ነው። በየማለዳውና በየምሽቱ የውጭ ምንዛሪ ይህን ያህል ሆነ፤ የዋጋ ንረት ከመቶ ይህን ያህል ቀነሰ፤ ምርት ከመቶ ይህን ያህል አደገ እየተባለ ይነገራል። የሚያዘጋጁት ሰዎች የተማሩ ናቸው፤ ቍጥሩንም ሳያጣሩ አያወጡትም። ነገር ግን በወፍጮ ቤት ተራዋን የምትጠብቅ ሴት፥ በሱቁ ደጃፍ ራዲዮ ከፍቶ የተቀመጠ ነጋዴ፥ ከእርሻው የገባ ገበሬ ይህን ሰምተው ምን አስተዋሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። የዋጋ ንረት ቀነሰ የሚለውን ቃል በማለዳ የሰማች እመቤት ዘንቢሏን ይዛ ገበያ ትወርዳለች። ስትደርስ የሽንኵርቱም የዘይቱም ዋጋ ካምናው ይበልጣል። እንግዲህ ራዲዮው ዋሸ ብላ ትፈርዳለች። ራዲዮው ግን አልዋሸም። መቶ ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 30 ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚከተለው ዓመት ጭማሪው ወደ 17 ከመቶ ቢወርድ፥ ያው ዕቃ 152 ብር ይሆናል እንጂ ወደ መቶ አይመለስም። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው አይደለም። ዳገት የምትወጣ በቅሎ ርምጃዋን ብታዘገይም ቍልቍል ወረደች አይባልም። ይህን የሚያህል ሁለት ሦስት ቃል የሚጨምርላት ሰው ስለ ጠፋ እመቤቲቱ በራዲዮው ላይ የነበራት እምነት ተነቀለ፤ ነገም ክትባት መጣ፥ ጎርፍ ሊወርድ ነው ቢላት በጥርጣሬ ትሰማዋለች። ጕዳቱ በገበያ ነገር ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ከዚህ ይታያል።

ሕዝቡ የኤኮኖሚ ነገር አይገባውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል መሠረት የለውም። ዕቁብ የሚጥለውን ሰው ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዕጣ ከመጨረሻው ዕጣ እንደሚሻል ያውቃል፤ ገንዘብ የቸገረው ጓደኛው ዕጣውን እንዲሸጥለት ሲጠይቀው፥ ስንት ሳምንት መጠበቅ ስንት ብር እንደሚያወጣ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት አስልቶ ዋጋ ይቈርጣል። የባንክ ሊቃውንት ወለድ ብለው የሚጠሩትና በትልልቅ መጻሕፍት የሚያብራሩት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ችግሩ በሰሚው አእምሮ አይደለም። ነገሩ የሚነገረው ከጫፉ ነው፤ ሰሚው የሚያውቀው ደግሞ ሥሩን ነው። በቤቱ ካለው ዕቃና ከሚያውቀው ሰው ተነሥቶ ወደ ትልቁ ቍጥር የሚወስደው ተራኪ ቢያገኝ ይከተላል። በትልቁ ቍጥር የሚጀምር ተራኪ ግን ብቻውን ይነጕዳል።

ይህ ከንቱ ግምት እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር በሌላ አገር ተደርጓል። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት በ1925 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933) የሆነውን አስቀድመን እንተርካለን። በዚያ አገር በፈረንጆች 1929 ዓመት የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ባንኮች ከሥረው ነበር። ሕዝቡም ያስቀመጠው ገንዘብ እንዳይጠፋበት ስለ ፈራ በየባንኩ ደጅ ተሰልፎ ወርቁንና የወረቀት ገንዘቡን እያወጣ በቤቱ ይሸሽግ ጀመር። ባንክ ደግሞ የቱን ያህል ደኅና ቢሆን ያስቀመጠው ሁሉ በአንድ ቀን ና መልስልኝ ቢለው ለመክፈል አይችልም። ስለዚህ ፍርሃቱ ራሱ የተፈራውን ነገር ያመጣ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የካቲት 25 ቀን ሥልጣን ያዙ፤ በሁለተኛው ቀን ባንኮች ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ፤ የአገሩም ምክር ቤት የካቲት 30 ቀን አዲስ የባንክ ሕግ በአንድ ቀን ውሎ አጸደቀ። አሁን የቀረው ጥያቄ ባንኮቹ ሲከፈቱ ሕዝቡ ምን ያደርጋል የሚለው ነበር። ገንዘቡን ለመውሰድ ይጋፋልን? ወይስ የሸሸገውን ይመልሳል?

እሑድ መጋቢት 3 ቀን ማታ ፕሬዚዳንቱ በራዲዮ ተናገሩ። ንግግራቸው ከሩብ ሰዓት አያልፍም፤ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሰማቸውም ይገመታል። ሲጀምሩ፥ የባንክን አሠራር የሚያውቁት ጥቂቶች እንደ ሆኑ፥ የሚበልጠው ሕዝብ ግን ባንክን የሚያውቀው ገንዘብ ሲያስቀምጥና ቼክ ሲጽፍ ብቻ እንደ ሆነ ገለጡ፤ ሊያነጋግሩ የሚፈልጉትም ይህንኑ ሕዝብ መሆኑን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥሩ ወረዱ። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ በሣጥን ቈልፎ አያስቀምጠውም፤ ለቤት ሠሪው፥ ለነጋዴው፥ ለፋብሪካው እያበደረ ያሠራዋል፤ በእጁ የሚያቈየው ለዕለት ጕዳይ የሚበቃውን ያህል ነው አሉ። ይህ አንድ ነገር ከታወቀ ሌላው ሁሉ በራሱ የሚከተል ነው። ሰልፉ ለምን ባንክ እንደሚያጠፋ፥ መንግሥት ለምን እንደ ዘጋ፥ ለምንስ በአንድ ቀን ሁሉን እንደማይከፍት ሰሚው ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ቀጥለውም ሰኞ በየትኞቹ ከተሞች፥ ማክሰኞ በየትኞቹ፥ ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ በየትኞቹ እንደሚከፈት በየተራው ቈጠሩ።

ከዚህ ሁሉ እኛ የምናደንቀው አንድ ነገር አለ። ፕሬዚዳንቱ ባንኮች ሁሉ ይከፈታሉ አላሉም። አንዳንዶቹ ሳይከፈቱ ሊቀሩ እንደሚችሉ፥ ጥቂት ሰዎችም ሊጐዱ እንደሚችሉ በግልጥ ተናገሩ። ሹም የሆነ ሁሉ ይህን ቃል ለመናገር ይከብደዋል፤ ጸሓፊዎቹም ቢሆኑ ከረቂቁ ይሠርዙት ዘንድ ይመክሩታል። ነገር ግን ሰሚው የቀረውን ንግግር ያመነው ይህን ቃል ስለ ሰማ ይመስለናል። በማግስቱ ባንኮች ሲከፈቱ ሰልፉ ተመለሰ፤ የአሁኑ ሰልፍ ግን ገንዘቡን ለማስገባት ነበር። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በየቤቱ ከተሸሸገው ገንዘብ ከግማሹ የሚበልጠው ተመለሰ። መጋቢት 6 ቀን የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲከፈትም ዋጋው በአንድ ቀን 15 ከመቶ ያህል ከፍ አለ።

እርግጥ ነው፥ ቃል ብቻውን ባንክ አላዳነም። ከቃሉ በስተኋላ ሕግ ነበረ፤ ለተከፈቱትም ባንኮች የሚያስፈልጋቸውን የወረቀት ገንዘብ የሚያቀርብ ማዕከላዊ ባንክ ነበረ። ይህ ሳይኖር ያማረ ንግግር ቢነገር ኖሮ ሰልፉ ሰኞ ረፋድ ላይ ንግግሩን ባፈረሰው ነበር። ማስረዳት ለተሠራ ሥራ እንጂ ላልተሠራ ሥራ ምትክ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ 75 ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው አገር ሌላ የገንዘብ መከራ መጣ። በዚህ ጊዜ ነገሩን ለሕዝብ የተረጐሙት ሹማምንት አይደሉም፤ አሌክስ ብሉምበርግና አዳም ዴቪድሰን የሚባሉ ሁለት የራዲዮ ሰዎች ናቸው። ኢራ ግላስ በሚያሰናዳው ሳምንታዊ የራዲዮ ትረካ ላይ ግንቦት 1 ቀን 2000 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2008) የአንድ ሰዓት ዝግጅት አቀረቡ። ርእሱ በኛ ቋንቋ ሲመለስ ታላቁ የገንዘብ ኵሬ ማለት ነው። በጊዜው ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ሁሉ በቤት መያዣ ስለ ተሰጠ ብድርና በዚያ ላይ ስለ ተሠራ የዕዳ ሰነድ ይናገር ነበር፤ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነበር። ሁለቱ ተራኪዎች ማናቸውም ሰው ሊጠይቀው ከሚችለው ጥያቄ ተነሡ። ቋሚ ሥራ ለሌለው፥ በዓመት 45,000 ዶላር ያህል ብቻ ለሚያገኝ ሰው ባንክ 540,000 ዶላር ለምን አበደረው?

ተበዳሪውን ራሱን አገኙት፤ እርሱም እኔ ብሆን ለእኔ አላበድርም ነበር የሚል መልስ ሰጠ። ከእርሱ ወደ ደላላው ሄዱ፤ ደላላው ብድሩን ለባንክ አሳልፌ ሸጥሁት አለ። ባንኩም ለዎል ስትሪት አሳለፍሁት አለ። ዎል ስትሪትም ብድሮቹን በሺህ እየጠቀለለ በዓለም ዙሪያ ገንዘብ ላላቸው እንደ ሸጠ ተናገረ። እያንዳንዱ ዕቃው በእጁ ስለማይቈይ ስለ ጥራቱ አይጨነቅም ነበር። በመጨረሻ ወደ ኵሬው ደረሱ። ኵሬው በዓለም ያሉ መንግሥታት፥ የጡረታ መዝገቦችና የዋስትና ኩባንያዎች የቈጠቡት ገንዘብ ነው፤ በጊዜው 70 ሺህ ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ እኵሌታ ብቻ ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ወደ አንድ ከመቶ አውርዶት ስለ ነበረ፥ ይህ ሁሉ ገንዘብ የተሻለ ትርፍ የሚያስገኝ ማረፊያ ፍለጋ ይዞር ነበር። ያለ ገቢ የሚያበድረው ደላላ የተፈጠረው በዚህ ፍላጎት ግፊት ነው።

የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። 70 ሺህ ቢሊዮን የሚለው ቍጥር በመጀመሪያ ቢነገር ማንም አይይዘውም። ሰሚው ግን ተበዳሪውን፥ ደላላውንና ባንኩን አንድ በአንድ ካወቀ በኋላ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ ራሱ ሲጠይቅ ቍጥሩ መልስ ሆኖ መጣለት። ዝግጅቱ በዚያ አገር የታወቀውን የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በጳጉሜን ወር 2000 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሐሳብ ፕላኔት መኒ የሚባል ራሱን የቻለ የራዲዮ ሥራ ሆነ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ የገንዘብ ቤት የከሠረው መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ የተርጓሚው ወንበር የተዘረጋው መዓቱ ከመውረዱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ብድሮቹ ከተሰጡ ቈይተዋል። ትርጓሜው ድንቅ ቢሆንም ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት አልደረሰለትም፤ ይህን ሳናነሣ ማመስገን ብቻ አይገባንም።

የዚሁ ማኅበር ሰዎች በኋላ ያደረጉት ነገር ለመስማት ያስቃል፤ ነገር ግን ትምህርት አለበት። በፈረንጆች 2010 ዓመት ከየኪሳቸው አዋጥተው ከነዚያ የከሠሩ የብድር ጥቅሎች የአንዱን ጥቂት ክፋይ በ1,000 ዶላር ገዙ። በደጉ ጊዜ 75,000 ዶላር ያወጣ የነበረ ነው። የቤቱ ዕዳ ሲከፈል እነርሱም በየወሩ ድርሻቸውን ይቀበላሉ፤ ሳይከፈል ሲቀርም ያጣሉ። በየጊዜው ለሰሚው ይህን እየነገሩ ቈይተው በዚያው ዓመት ሰነዱ ሞተ። ከ1,000 ዶላሩ የተመለሰላቸው 449 ብቻ ነው። የዕዳ ሰነድ ዋጋው እንዴት እንደሚሞት በገዛ ገንዘባቸው ስላሳዩ፥ ሰሚው የእንስሳ ሞት እንደሚሰማ ሆኖ ሰማው።

በፈረንጆች 2013 ዓመት ደግሞ 20,000 የሚሆኑ ሰዎች 590,000 ዶላር ያህል አዋጥተውላቸው አንድ ካናቴራ ከጥጡ ጀምሮ ተከተሉ። ጥጡ በሚሲሲፒ ተለቀመ፤ ኢንዶኔዥያ ላይ ተፈተለ፤ የወንዶቹ በባንግላዴሽ፥ የሴቶቹ በኮሎምቢያ ተሰፋ። የባንግላዴሽ ሰፊዎች ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 39 ዶላር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ራና ፕላዛ የሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዓመቱ መጨረሻ ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 68 ዶላር ከፍ ብሏል። ትረካው የተለበሰው ካናቴራ ወደ አፍሪቃ መጥቶ በኬንያ ገበያ ዳግመኛ እስኪሸጥ ድረስ ይሄዳል። በኛ አገር ልባሽ ጨርቅ የሚባለው ማለት ነው። ገበያችን ላይ የተሰቀለውን ካናቴራ የሚያይ ሰው ሚሲሲፒን አያስብም፤ ይህን ትረካ የሰማ ግን ሊያስብ ይችላል።

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምግብ በካርድ እየተመጠነ በሚታደልበት ጊዜ፥ ገበሬው ምርቱን እንዲያበዛ የሚያስተምር ነገር አስፈለገ። ትምህርት ብቻ ቢሆን ገበሬው ራዲዮውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ጎድፍሪ ቤዝሊ የሚባለው የቢቢሲ ሰው የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚታይበት የራዲዮ ድራማ አሰናዳ። አርቸርስ የሚባል ነው፤ በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 1951 በአገሩ ሁሉ መሰማት ጀመረ፤ ዛሬም አልተቋረጠም። የእርሻው ሚኒስቴር የፈለገው ስለ ዘርና ስለ ከብት በሽታ የሚሰጠው ምክር በገበሬዎቹ ወግና ጭቅጭቅ መካከል ተሰግስጎ ያልፍ ነበር። የምግቡ ካርድ በ1954 ቀርቷል፤ ሕዝቡ ግን ድራማውን አልተወም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለሆኑ አንባቢዎቻችን ይህ ሥርዓት እንግዳ አይመስለንም። የመጻሕፍት መምህር ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር አስቀድሞ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ ቀጥሎ ባማርኛ ይተረጕማል፤ ምሥጢሩ ሲከብድም አንድም እያለ ሌላ መንገድ ያመጣል፤ ሲያስፈልግ ታሪክ ይጨምራል። ንባቡን ብቻ አሰምቶ የሚሄድ መምህር የለም። የዛሬው የባንክና የሚኒስቴር መግለጫ እንደ ግእዙ ንባብ ነው፤ የሚጎድለው ትርጓሜው ነው። ቃሉን ካንግሊዝኛ ወዳማርኛ መመለስ ደግሞ ትርጓሜ አይባልም። የምንዛሪ ተመን የሚለው ቃል ፍጹም አማርኛ ነው፤ ቢሆንም ለማያውቀው ሰው ከእንግሊዝኛው የተሻለ አላበራለትም። ይህን ነገር በየጽሕፈት ቤቱ ስንናገር የሚሰማን ሰው ቃሉን በቃል መተካት ይበቃል ብሎ ያስባል፤ አይበቃም።

ሰሚያችን ትረካ እንደሚወድ የታወቀ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ የተሰማው የቀን ቅኝት የተባለው ድራማ 257 ክፍል ነበረው፤ ነገሩም ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በሕዝብ ፊት ለመናገር ከገበያ ነገር ይልቅ ይከብዳል፤ ሆኖም ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ሰማው። ቍጥርም ቢሆን ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዕለቱን ዋጋ በራዲዮ፥ በሰሌዳና በስልክ ለሕዝብ ሲያሰማ ኖሯል። ቡናውን በጆንያ ቋጥሮ በቤቱ ያስቀመጠ ገበሬ ይህን ቍጥር ያለ ማንም ተርጓሚ ይረዳዋል፤ ታሪኩ በጆንያው ውስጥ ነውና። ከነጋዴው ጋር ሲከራከርም ይጠቅመዋል። ተርጓሚ የሚያስፈልገው ቍጥሩን የሚይዝበት ጆንያ ለሌለው ሰሚ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርቡ ነገር እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን አስታወቀ። በዚያ ዕለት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከመቶ ብር አለፈ። በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። መንግሥትም በነዳጅ፥ በማዳበሪያ፥ በመድኃኒትና በምግብ ዘይት ላይ ለጊዜው ድጎማ እንደሚያደርግ ገለጠ። ይህ ሁሉ ተነገረ። ሕዝቡ ግን ብር ወደቀ የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ወደ ሱቅ ሄደ፤ ባለ ሱቁም ነገ የሚገዛበትን ዋጋ ስለማያውቅ ዛሬ ጨመረ፤ ዋጋ ያለ አግባብ ጨመሩ የተባሉ ሱቆችም ታሸጉ። ሁሉም ያደረገው ባወቀው ልክ ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ የሰላሳ ደቂቃ ትረካ ቢኖር ምን ይመስል ነበር? ብለን እናስባለን። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አንሥቶ የሚከተል ቢሆን ጥሩ ነው። ዘይቱ ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ የዘንባባ ተክል ይመጣል፤ በዶላር ይገዛል፤ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ በከባድ መኪና ተጭኖ ይገባል። ተራኪው አስመጪውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ዶላሩን ያገኘኸው በባንክ ነበርን? ወይስ ከባንክ ውጭ ነበር? ብዙ አስመጪ ከባንክ ውጭ ባለው ገበያ አስቀድሞም ቢሆን ዶላሩን ከመቶ ብር በላይ ይገዛ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው የባንኩ ዋጋ መቶ ብር መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘይቱንም የሚያስወድድበት ምክንያት ያነሰ ነው። በባንኩ በ57 ብር ሲያገኝ የኖረው ግን ወጪው እጥፍ ሊሆንበት ነው። አንዱ ጀሪካን ከሌላው ጀሪካን ተለይቶ ሊወደድ የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው። ይህን የሰማ ሸማች ነጋዴውን ሁሉ በአንድ ላይ ሌባ አይለውም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ንጹሕም አያደርገውም። ምን ብሎ እንደሚጠይቀውም ያውቃል።

ትረካው ከዘይቱ ቀጥሎ ወደ ጅማ ቡና ሻጭ ሊሻገር ይገባዋል። ቡና በውጭ አገር በዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ያው የዶላር መወደድ ለቡና ላኪው በብር ሲመነዘር ብዙ ነው። ከዚህ ውስጥ ለገበሬው ምን ያህሉ ደረሰ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ዘይት ገዡንና ቡና ሻጩን አንድ ነገር አንዱን ሲጎዳ ሌላውን ሲጠቅም በአንድ ትረካ ማሰማት የነገሩን እውነተኛ መልክ ያሳያል። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰማ ግን ዘይት ገዡን ያጣዋል፤ ጕዳቱን ብቻ የሚያሰማም ቡና ሻጩን ያጣዋል። በከተማ ደመወዝ የሚኖረው ጸሓፊ በሁለቱም ወገን የለም፤ ለእርሱ የሚነገረው እንዴት እንደ ሆነ ራሱ አንድ ሙሉ ዝግጅት ይጠይቃል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንጨምራለን። ሰሚ እንደ አንባቢ ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ ዳግመኛ ለማየት አይችልም። ስለዚህ አንድ ትረካ አንድ ቍጥር ቢይዝ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያስረሳዋል። ቍጥሩም በኩንታል፥ በጣሳ፥ በሊትር ወይም በአንድ ቀን የሥራ ዋጋ ተለውጦ ቢነገር ይሻላል። የሚናገረውም ሰው ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ይሁን። ባለ ወፍጮው ስለ መብራትና ስለ መለዋወጫ ዋጋ ከወፍጮው ድምፅ መካከል ሲናገር የአንድ አዋቂ ንግግር ከሚያሳምነው ይበልጥ ያሳምናል፤ አዋቂው ግን አይቀርም፤ የባለ ወፍጮውን ቃል የሚያጣራና የሚያርም እርሱ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ የሺህ ሰው ታሪክ ተደርጎ እንዳይወሰድ መጠበቅ የዚህ ሥራ ትልቁ ድካም ነው። ያንዲት መንደር ሽንኵርት ተወደደ ተብሎ ያገሩ ሽንኵርት ተወደደ ቢባል፥ በማግስቱ ነጋዴው በዚያው ዋጋ ይሸጣል።

ሌላው ነገር ከፋዩን ይመለከታል። ፕላኔት መኒ በአንድ ወቅት ወጪውን ባንክ ይደግፈው ስለ ነበረ፥ ስለ ባንክ የሚናገረውን በባንክ ገንዘብ እንዴት ይናገራል ተብሎ ተነቅፏል። ነቀፌታው ትክክል ይሁን አይሁን አንፈርድም፤ መጠየቁ ግን የሚገባ ነው። የኛ ከፋይ መንግሥት ነው። ስለዚህ በመንግሥት ራዲዮ የሚሠራ ተራኪ የጕዳቱን ወገን ሳይሸሽግ ለመናገር ከሌላው ይልቅ ብርቱ መሆን አለበት፤ ሹማምንቱም ይህን ብርታት እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩበት ያስፈልጋል። የሩዝቬልት ንግግር የታመነው አንዳንድ ባንክ ላይከፈት ይችላል የሚለውን ቃል ስላልሠረዘ እንደ ሆነ ከላይ አሳይተናል።

ለሹማምንት የምናቀርበው ጥያቄ ታላቅ አይደለም። አዲስ ውሳኔ ሊታወጅ ሲል የራዲዮ ሰዎች ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በፊት ምሥጢር ጠብቀው ሰነዱን እንዲያዩ ቢፈቀድላቸው፥ በዕለቱ መግለጫውን ብቻ ሳይሆን ትርጓሜውን ይዘው ይቀርባሉ።  ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ተመድቦ ተራኪው ሦስት ጊዜ አልገባኝም ቢለው ሦስት ጊዜ ሳይቈጣ የሚመልስለት ቢሆን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ተራኪው የሚያገኘው ወደ ሌላ ክፍል ሂድ የሚል መልስ ነው፤ ከሌላው ክፍልም ደብዳቤ አምጣ ይባላል፤ ደብዳቤው ተጽፎ ሲመለስ ወሬው አርጅቷል። የዘይቱን ጀሪካን ለመከተል የሚያስፈልገው አንድ የጉምሩክ ሰነድ፥ አንድ የአስመጪ ደረሰኝ፥ የመኪና ኪራይ ዋጋና የችርቻሮው ዋጋ ነው። ደረሰኙን ከነጋዴው መለመን ይቻላል፤ የኪራዩንም ዋጋ ሾፌሩ ይናገራል፤ የሱቁ ዋጋ በሰሌዳ ተጽፏል። የጉምሩኩን ሰነድ ግን በጠረጴዛው ላይ ያለው ሹም ካልሰጠ ማንም ሊሰጥ አይችልም።